ዛፍ ላይ የቀረው ድምፅ

ግንቦት 17 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ሐሙስ። በጋሽ ከፈለኝ የሥራ ደብተር ውስጥ ይህን ቀን የያዘው ገጽ እስከ ታች አልተጻፈም። ገጹ በማስመሪያ አምስት ቦታ ተከፍሏል። በየክፍሉ አንድ ጥንድ ካሴት ተመዝግቧል። የሦስቱ ጥንዶች ልዩነት ከሰዓት እስከ ሰከንድ ክፍልፋይ ተሞልቷል። አራተኛው ላይ «ልዩነት፦ 6 ሰዓት ከ» ይልና ይቆማል። እስክሪብቶው አላለቀም፣ መብራትም አልሄደም። ከአዲስ አበባ በውሰት የመጣው ማሽን ለዓርብ ጠዋቱ አውቶቡስ መታሸግ ስለነበረበት ነው። ጋሽ ከፈለኝ የቀረውን ማሽኑ ሲመለስ እሞላዋለሁ ብለው ደብተሩን ከደኑት። ሰኞ ግንቦት 21 ቀን፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በእንቅልፋቸው ዐረፉ። ዕድሜያቸው አምሳ ስምንት ነበር።

ቦንጋ ተወልደው ቦንጋ ያደጉ ሰው ናቸው። አባታቸው ለጽሕፈት ሥራ ከሰሜን ተልከው የመጡ፣ እናታቸው የአገሩ ተወላጅ ነበሩ። ከአባታቸው ጋር በአማርኛ፣ ከእናታቸው ጋር በካፊኖኖ እያወሩ አደጉ። የራዲዮ ጥገና ጅማ ተምረው ተመለሱና ከገበያው በላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራዩ። ከከተማው ራዲዮ ሆዱን ለእሳቸው ያልከፈተ የለም ይባል ነበር። ራዲዮ ሠርተው ሲያስረክቡ፣ ከውስጡ ያወጡትን የተቃጠለ ዕቃ በወረቀት ጠቅልለው ለባለቤቱ ይሰጣሉ። «ይኼ ምን ያደርግልኛል?» ለሚላቸው፣ የወጣውን ካላየህ የገባውን በምን ታምነኛለህ ይሉት ነበር።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ የሽማግሌዎችን ዘፈንና ተረት እየቀዳ የሚያስቀምጥ ትንሽ የድምፅ ክፍል በቦንጋ ተቋቋመ። ጋሽ ከፈለኝ ሱቃቸውን ዘግተው የክፍሉ ቴክኒሺያን ሆኑ። አንድ የውጭ አገር ተመራማሪ ጥናቱን ጨርሶ ሲሄድ፣ ዲጂታል መቅጃ ማሽኑን ትቶላቸው ሄደ። ማሽኑ በአንድ ጊዜ ስምንት ድምፅ ለየብቻው ይቀዳል፤ ካሴቱ ትንሽ የቪዲዮ ካሴት ይመስላል። አብሮት የመጣው ማንዋል በእንግሊዝኛ ነው። ጋሽ ከፈለኝ በእንግሊዝኛ ስለ ጤናቸው ቢጠየቁ ይደናገራሉ። ያንን ማንዋል ግን ገጹን እየጠሩ ይናገሩት ነበር።

በግንቦት 1996 ዓ.ም. የማንኪራ መንደሩን የማር ቆራጭ የአቶ ገብረሚካኤልን ዘፈን ለመቅዳት ተነሡ። አቶ ገብረሚካኤል ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በእሳቸው ወገን ልማድ፣ ቀፎ ሊያወርድ ዛፍ ላይ የወጣ ሰው ይዘፍናል፤ ከታች ያሉት ወንዶች ይመልሱለታል። ላይ እስካለ ድረስ መልስ አይቋረጥበትም። መልስ የተቋረጠበት ሰው እጁ ይከዳዋል ይላሉ። ዘፋኙ አንድ፣ መላሾቹ ዐሥራ አንድ ስለነበሩ የጋሽ ከፈለኝ ማሽን ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ሳሙኤል የሚባል የአዲስ አበባ ድምፅ ቀጂ፣ የግሉን ተመሳሳይ ማሽን ይዞ እንዲመጣ ተጠየቀ።

ማሽኖቹን፣ ጄኔሬተሩንና ገመዱን ሰዎች ተሸክመው በጫካው መንገድ አደረሱት። ጄኔሬተሩ ድምፁ እንዳይሰማ ከተረተሩ ማዶ ተደረገ። ጋሽ ከፈለኝ ሽማግሌውን መሬት ላይ አስቀምጠው ሊቀዱ አስበው ነበር። አቶ ገብረሚካኤል ግን አሻፈረኝ አሉ።

«መሬት ላይ ተቀምጬ የዛፍ ዘፈን አልዘፍንም» አሉና መውጫ ጠፍራቸውን ይዘው ዛፉ ላይ ወጡ።

እንግዲህ አንዱ ማሽን ከዛፉ ሥር፣ ሌላው ሠላሳ እርምጃ ርቆ መላሾቹ በቆሙበት ሆነ፤ አንዳንዶቹ መላሾች አንድ ማይክ ለሁለት ተጋሩ። ሁለቱን ማሽኖች አስተሳስሮ እኩል የሚያስነሳው የቁጥጥር ገመድ ርዝመቱ ሁለት ክንድ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ማሽኑን በእጁ አስነሣ። በኋላ ሁለቱን ለማጣመር እንዲረዳ፣ እያንዳንዱ የእጅ ሰዓቱን አይቶ ጊዜውን ማሽኑ ላይ ሞላ፤ ማሽኑም ከዚያ ተነሥቶ በካሴቱ ላይ እየቆጠረ ሄደ። ጠዋት አንድ ጥንድ ካሴት ተቀዳ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ። በተከታዮቹ ቀናት በሌሎች ዛፎች ሥር ሦስት ጥንድ ተጨመረ። ሳሙኤል ካሴቶቹን ለጋሽ ከፈለኝ ትቶ፣ ማሽኑን ይዞ ተመለሰ።

አቶ ገብረሚካኤል በተከታዩ ዓመት በጥቅምት ዐረፉ። በአርባቸው ዕለት ጋሽ ከፈለኝ ከጠዋቱ ካሴት የሽማግሌውን ድምፅ በተራ ቴፕ ገልብጠው ወደ ማንኪራ ወሰዱ። ያላቸው አንድ ማሽን ስለሆነ የመላሾቹን ድምፅ አብረው ማስገባት አልቻሉም። የሟቹ ልጅ በዛወርቅ ካሴቱን በቤቷ ደጃፍ አዳመጠች። አባቷ ይጠራሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ደግሞ ይጠራሉ። በመካከሉ የወፍ ድምፅ ብቻ ነው። አልቆ ሲቆም ቴፑን ዘጋችው።

«ጋሼ፣ አባቴን ዛፍ ላይ ብቻውን ትታችሁት መጣችሁ» አለቻቸው።

አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። ጋሽ ከፈለኝ መላሾቹን አምጥተው እንደሚያሰሟት ቃል ገቡ። ቤታቸው ሲገቡ ለባለቤታቸው ለየምሥራች፣ ሙዚቃ የወሰድኩ መስሎኝ ነበር አሏት። ከዚያ በኋላ ብዙ ሞከሩ። የአንዱን ወገን በተራ ቴፕ እየገለበጡ፣ በሌላው ላይ በእጃቸው እያስነሡ አጫወቱ። ተራ ቴፕ ፍጥነቱን አይጠብቅምና፣ ጥቂት ደቂቃ አብረው ሄደው እንደ ሰከረ መንገደኛ ይለያያሉ። የሚያዛልቀው ሁለቱን ዲጂታል ማሽኖች በገመድ አስተሳስሮ አንዱን መሪ፣ አንዱን ተከታይ ማድረግ ብቻ ነበር። ለሳሙኤል ደብዳቤ ጻፉ። መልስ ቀረ፤ እንደገና ጻፉ። ሳሙኤል ሥራው ፋታ የሰጠው ከዓመት ተመንፈቅ በኋላ ነው። ሰኞ ግንቦት 14 ቀን ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከጅማ አውቶቡስ ወረደ። ዓርብ ጠዋት መመለስ አለበት።

«ጋሽ ከፈለኝ፣ አሁንም ቆጥረው ነው የሚያጎርሱት?» አለ ምሳ ላይ፣ የምሥራችን እያየ።

«ለአንተ መቁጠር ትቻለሁ፤ ቁጥር አልቆብኝ» አሉት።

ሥራው የተጀመረው ካሴቶቹን በመቆለፍ ነው። በእያንዳንዱ ካሴት ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ መከልከያ ወደ ዝግ አንሸራተቱ፤ ከእንግዲህ ማንም ተሳስቶ መቅጃውን ቢጫን ምንም አይጠፋም። ከዚያ የቁጥጥር ገመዱን ሰኩ። በሁለተኛው ማሽን ጀርባ የመጨረሻ መሆኑን የሚያሳውቀውን መዝጊያ አደረጉበት። ከዚያ በማሽኑ መስኮት ላይ «የውጭ ቁጥጥር» ወደሚለው ገጽ ገቡ። የጋሽ ከፈለኝን ማሽን ቁጥር አንድ፣ የሳሙኤልን ቁጥር ሁለት አሉት። ቁጥር ሁለት ግን ቢሉት ቢሠሩት አልንቀሳቀስ አለ። ጋሽ ከፈለኝ ገጹን እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ማሽኑ ቁጥሩን ተቀብሏል፣ ጊዜውን የሚቆጥረው ግን አሁንም ከራሱ ነው። የራሱን የሚሰማ የሰውን አይሰማም ብለው፣ ጊዜ የሚቀበልበትን «ከውስጥ» ከሚለው ወደ «ከውጭ» ቀየሩት። ቁጥር አንድን ሲያስነሡት ቁጥር ሁለት ተከትሎ ተነሣ።

ማክሰኞ ጠዋት የመጀመሪያውን ጥንድ ከተቱ። በጋሽ ከፈለኝ ካሴት ጀርባ «3፡10» ተብሎ ተጽፏል። ከሳሙኤል ካሴቶች «3፡10» የሚለውን መርጠው በሁለተኛው ማሽን አስገቡ። ቁጥር አንድን አስነሡ። ቁጥር ሁለት ክሩን ጥቂት አጠነጠነ፣ ቦታውን አገኘ፣ ብልጭ ድርግም የምትለው አረንጓዴ መብራት ጸጥ ብላ በራች። ሳሙኤል እጁን አጨበጨበ። የአቶ ገብረሚካኤል ድምፅ መጣ። መላሾቹም መጡ።

መላሾቹ የሚዘፍኑት ግን ሌላ ዘፈን ነው።

ሽማግሌው ንብ ይለምናሉ፤ ከታች ያሉት ስለ መውረድ ይዘፍናሉ። አንዱ ሌላውን አያውቀውም። ወደ ፊት ሄዱ፣ ያው ነው። ወደ ኋላ መለሱ፣ ያው ነው።

«ጠጅ ጠጥተው ይሆናል» አለ ሳሙኤል።

ጋሽ ከፈለኝ አልሳቁም። መሣሪያው የታዘዘውን አድርጓል፤ መብራቷም ትመሰክራለች። ማሽኑ ካልተሳሳተ የተሳሳተው ከእነሱ አንዱ ነው። የጠዋቱን መልስ ማሽኑ ሳይቀዳው ቀርቶ ይሆን? ወይስ ሳሙኤል ያን ቀን በጠዋቱ ካሴት ላይ የከሰዓቱን ደርቦ ቀድቶበት ይሆን? እንዲህ ከሆነ የጠዋቱ መልስ በዓለም ላይ የለም፤ ለሽማግሌውም የሚመልስላቸው አይኖርም። ምሳ ቀርቦላቸው ሳይነኩት ተነሡ። የምሥራች ምን ሆነው ነው ብላ ሳሙኤልን በዓይኗ ጠየቀችው፤ እሱም በትከሻው መለሰላት።

ረቡዕ በዛወርቅ ማር ይዛ ለገበያ ቦንጋ ወጣች። ጋሽ ከፈለኝ ከገበያ ፈልገው አገኟትና፣ አሁን ምንም ቃል አልገባም፣ ጆሮሽን ብቻ አውሺኝ አሏት። ማሯን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ተከተለቻቸው። የጆሮ ማዳመጫውን በሻሿ ላይ ደፍተው የመላሾቹን ካሴት ብቻውን ከፈቱላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማች። በጣቷ እያንዳንዱን ሰው በስሙ ትቆጥር ጀመር፤ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ለገሰ አለ እዚህ ውስጥ።»

«ይኑር፤ ምን አለበት?» አለ ሳሙኤል።

«ለገሰ ያን ቀን ዋጫ ከተማ አማቾቹ ቤት ነበር ያደረው። የደረሰው እኛ በልተን ከተነሣን በኋላ ነው፤ የእሱን ድርሻ ያሞቅሁለት እኔ ነኝ። ይኼ የጠዋት አይደለም።»

«ሦስት ሰዓት ከዐሥር ይላል እኮ!»

«ወረቀቱ ይበል። ለገሰ የለም ነበር።»

ጋሽ ከፈለኝ የሳሙኤልን ካሴት አገላብጠው አዩት። የጻፈው ቁጥር ብቻ ነው፤ የጠዋት ይሁን የማታ አልተባለም። ከዚያ ወደ ሳሙኤል ዞሩ።

«ያን ቀን ማሽንህን ስትሞላ ሰዓቱን ከየት አየህ?»

«ከእጄ።»

«እስቲ እጅህን።»

ሳሙኤል እጅጌውን ሰብስቦ ዘረጋ። ጋሽ ከፈለኝ የራሳቸውን አንጓ አጠገቡ አደረጉ። የእሳቸው ሰዓት አራት ከሃያ ይላል። የእሱ ዐሥር ከሃያ ነው። ሁለቱም በደንብ ይሠራሉ።

«አንተ በሀበሻ እያወራህ በፈረንጅ ነው የምትቆጥረው?»

«ሳወራ በሀበሻ ነው። ማሽን ላይ ግን እንዳስተማሩኝ ነው የምሞላው» አለ ሳሙኤል፣ ድምፁ እያነሰ። «እርስዎም እንደዚያ የሚሞሉ መስሎኝ።»

ነገሩ ተገለጠ። ጋሽ ከፈለኝ የጠዋቱን ሦስት ሰዓት ሦስት ብለው አስቆጥረዋል። ሳሙኤል ያንኑ ጠዋት ዘጠኝ ብሎታል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እሳቸው ዘጠኝ ሲሉ እሱ ሦስት ብሏል። ማሽኖቹ ቁጥር ብቻ ስለሚያውቁ፣ የጠዋቱን ዘፋኝ ከከሰዓቱ መላሾች ጋር አጣመሯቸው። «9፡10» የሚለውን የሳሙኤልን ካሴት ጋሽ ከፈለኝ የከሰዓት በኋላ ነው ብለው ለብቻው አስቀምጠውት ነበር። የጠዋቱ መልስ እዚያ ውስጥ ነው።

በዛወርቅ ሁለቱን እጆች አየች።

«ሁለታችሁም ሰዓት አስራችሁ፣ ዶሮ የሚያውቀው ጠፋባችሁ» አለች፤ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ ወደ ገበያዋ ሄደች።

ጋሽ ከፈለኝ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ከዚያ ወደ «የውጭ ቁጥጥር» ገጽ ተመለሱ። ተከታዩ ማሽን ከመሪው ስንት ሰዓት ርቆ እንዲፈልግ የሚታዘዝበት መስመር አለ። እስከዚያ ቀን ዜሮ ነበር፤ ስድስት ሰዓት ጨመሩበት። ዘጠኝ ከዐሥር የሚለውን ካሴት አስገብተው አስነሡ። ክሩ ተጠነጠነ፣ መብራቷ በራች። ዘፈኑ አንድ ዘፈን ሆነ። የሚያስቀው ግን መላሾቹ ከጥሪው ፊት ይመልሳሉ፤ ሽማግሌው ገና ሳይጠይቁ «እሺ» የሚባሉ ይመስላል። የሁለቱ ሰዎች የእጅ ሰዓት ከስድስቱ ሰዓት ሌላ በሰከንዶች ይለያያል ማለት ነው። ያችን ደግሞ ከሰዓታቸው ማንበብ አይቻልም፤ ሁለት ዓመት አልፏታል።

ሐሙስ ሙሉ ቀን የዋሉት በዚህ ነው። አቶ ገብረሚካኤል ሊጀምሩ ሲሉ ዛፉ ላይ የተሰቀለውን ባዶ ቀፎ በመጥረቢያ እጀታ ሦስት ጊዜ መትተውት ነበር። ያ ድምፅ ከዛፉ ሥር ባለው ካሴት ጎልቶ፣ በመላሾቹ ካሴት ደግሞ ከሩቅ ይሰማል። ጋሽ ከፈለኝ ሁለቱን ካሴቶች ምቱ ላይ እያቆሙ ቁጥሩን ጻፉ፤ ዐሥር ጊዜ ደጋገሙት። ልዩነቱ ከስድስቱ ሰዓት በላይ አርባ አንድ ሰከንድ ከዐሥራ ሦስት ክፍልፋይ ሆነ፤ ማሽኑ ሰከንዱን ለሃያ አምስት ይከፍለዋል። ሳሙኤል ሊሞላው ሲል እጁን ያዙት።

«ምቱ መላሾቹ ዘንድ ለመድረስ ሠላሳ እርምጃ ሄዷል። ያን ካልቀነስንለት ሰዎቹን ከዛፉ ሥር ልናስጠጋቸው ነው።»

«በሰከንድ ሁለት ክፍልፋይ ነው እኮ፣ ጋሽ ከፈለኝ። ማን ይሰማዋል?»

«የቆሙት እዚያ ነው» አሉ።

ሁለት ክፍልፋይ ተቀንሶ ዐሥራ አንድ ተባለ። በደብተሩ የመጀመሪያ መስመር የሚነበበው ይኸው ነው፤ ከሥሩም በምን መንገድ እንደተለካ፣ ሌላ ሰው ቢያነበው ሊደግመው በሚችልበት አኳኋን፣ በሰባት ዐረፍተ ነገር ተጽፏል። የጠዋቱ ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫውቶ ወደ ተራ ካሴት ተገለበጠ። ሽማግሌው ጠሩ፣ ዐሥሩ ሰዎች መለሱ። አንድም ጥሪ መልስ አላጣም። ሳሙኤል ማሽኑን ሲያሽግ አንድ ነገር ደጋግሞ ያዜማል፤ ካፊኖኖ አያውቅም፣ የሚያዜመው ግን የመላሾቹን ነው።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ከፈለኝ እስከ አውቶቡሱ ሸኙት። በሐምሌ እመለሳለሁ አላቸው፤ ተመለሰም። የቀሩትን ሁለት ጥንዶች በእነዚያ ሰባት ዐረፍተ ነገሮች እየተመራ ብቻውን ለካቸው። ውጤቱን የጻፈው በሌላ ወረቀት ላይ ነው። አምስቱም ጥንዶች ዛሬ በድምፅ ክፍሉ ይገኛሉ፤ ለጠየቀ ሁሉ ይከፈታሉ።

ቅዳሜ ግንቦት 19 ቀን ጋሽ ከፈለኝ በማለዳ ተነሡ። የበዛወርቅ ቴፕ ድንጋዩ የደከመ እንደሚሆን ስላወቁ ከሱቅ አራት አዲስ ባትሪ ድንጋይ ገዙ። ካሴቱን በላስቲክ፣ ላስቲኩን በጨርቅ ጠቀለሉት። የምሥራች ጃንጥላ አስያዘቻቸው። ዝናቡ ሌሊቱን ጥሎ አባርቷል፤ የጫካው መንገድ ጭቃ ነው። ማንኪራ የደረሱት አምስት ሰዓት ገደማ ነበር።

በዛወርቅ ከጓሮ ጠርታ አስገባቻቸው። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ራሳቸው ከተቱ፤ ክዳኑ አልይዝ ስላለ በፕላስተር አሰሩት። ካሴቱን ግን እሷ እንድትከት ሰጧት። ሦስቱ የመጥረቢያ ምት ተሰማ። ከዚያ አባቷ ጠሩ።

ወንዶቹ መለሱላቸው።

በዛወርቅ በእጇ የያዘችውን ሰፌድ አላስቀመጠችም፣ አላንቀሳቀሰችውምም። ጎረቤቶች አንድ ሁለት እያሉ በደጃፉ ቆሙ። ጋሽ ከፈለኝ በበርጩማው ላይ ጎንበስ ብለው፣ ፊቷን ሳይሆን መሬቱን እያዩ፣ መልስ የሚዘገይበት ቦታ ካለ ብለው ያዳምጡ ነበር። አልነበረም። ዘፈኑ አልቆ የጫካው ድምፅ ብቻ ሲቀር ቀና አሉ።

«አሁን መውረድ ይችላል» አለች በዛወርቅ።

ምሳ ሳይበሉ አልተለቀቁም። ሊሄዱ ሲነሡ አንድ ነገር ለመነቻቸው። ከመላሾቹ መካከል በዕድሜ ትልቁ አዲሱ ይባላል፤ ቤቱ በሚመለሱበት መንገድ ቁልቁል ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሌሎቹን ይዞ እንዲመጣ ይንገሩልኝ፣ አብረን እንሰማዋለን አለቻቸው።

አዲሱ አጥር ሲያጥር አገኙት። ጋሽ ከፈለኝ መልእክቱን እንደተነገራቸው አደረሱ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከእነማን ጋር እንደሚመጣ። አዲሱ ልጡን በጥርሱ እንደያዘ አሰበ።

«ድምፄ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ከሁሉም ትቀድማለህ» አሉት።

«ሁልጊዜም እንደሱ ነኝ» አለ አዲሱ፤ እመጣለሁ፣ ሁሉንም ይዤ እመጣለሁ አላቸው። ጋሽ ከፈለኝ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ቁልቁለቱን ወረዱ።